ዘንግ ሁለት ጊዜ አይነካም

ወንዙ ከከተማይቱ በፊት ነበረ። ከተማይቱ ግን ይህን አምና አታውቅም።

በዚያች ከተማ ሰው ከልደቱ እስከ ሞቱ ውሃውን እያየ ይኖራል። ስለ ውሃው የሚያውቀው ግን የተነገረውን ያህል ብቻ ነው። ጸደይ በመጣ ቁጥር ወንዙ ይሞላል፤ ከመሙላቱ በፊት ደግሞ ይጠየቃል። የመጠየቂያው ቀን ሲደርስ ሕዝቡ በዳርቻው ይሰለፋል፤ ከቤተ መንግሥት የመጣ አዋጅ ነጋሪ ወደ ውሃው ዞሮ፣ "አንተ ወንዝ፣ ዘንድሮ እስከ የት ትደርሳለህ?" ይላል። ወንዙ አይመልስም። የሚመልስለት ሹም አለው፤ አፈ ወንዝ ይባላል። አፈ ወንዝ ካባውን ውሃ ውስጥ ነክሮ ይለብስና እየተንጠባጠበ፣ "እኔ ወንዙ" ብሎ ይጀምራል።

በንጉሡ አያት ዘመን፣ "እኔ ወንዙ እስከ ጉልበት እደርሳለሁ" አለ። አባታቸው ሲነግሡ፣ ልጅ ከአባቱ ማነስ የለበትምና፣ "እስከ ቅልጥም" አለ። አሁን ያሉት ንጉሥ ዙፋን ላይ በወጡ በመጀመሪያው ጸደይ ደግሞ፣ ብርዱ ጥርሱን እያንገጫገጨው፣ "እስከ ቁርጭምጭሚት" አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ከኋላ የቆሙ አንዲት አሮጊት ብቻ፣ "የልጅ ልጃቸው የነገሡ ለትማ ውሃ ከየት ልንቀዳ ነው?" ብለው ጎረቤቶቻቸውን አሳቁ።

ወንዙም እንዳጋጣሚ ለብዙ ዓመት ለዘብ ብሎ ሰነበተ። ሰዉም የተነገረው እውነት መሰለው።

ከዚህ የተነሣ የጥንቱ ሕግ ወደ ቁርጭምጭሚት ወረደ። ከቁርጭምጭሚት በላይ የሰቀለ፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ ፈርቷል፤ ከቁርጭምጭሚት በላይ የፈራ ደግሞ ንጉሡን አምቷል። ስለዚህ በጸደይ ወራት እህሉም፣ አልጋውም፣ ጠቦቱም ከመሬት እንዳይርቅ ታዘዘ። ይህን የሚያይ ሹም ከጥንት ጀምሮ አለ፤ ባለዘንግ ይባላል። ባለዘንግ በየቤቱ ይገባል፤ ዘንጉን መሬት ላይ አቁሞ በጫፉ የቤቱን ምሰሶ ይነካል። "ከዘንጉ በታች ያለ ሁሉ ሰላም ነው። ተነክቷል" ይላል። ከዘንጉ በላይ የተገኘው ይወርዳል።

ዘንግ ደግሞ ሁለት ጊዜ አይነካም። አንድ ቤት ከተነካ፣ ወንዙ ወደ መኝታው እስኪመለስ ድረስ ንጉሡም ቢሆኑ አያስነኩትም። ይህ የተደነገገው የጥንት ባለዘንጎች እየተመላለሱ በእጅ መንሻ ጥያቄ ሰዉን ስላስቸገሩ ነው። የዘንጉ ቁመት ግን የትም አልተደነገገም። ቁመቱ ከተነገረ የድሮው ቁመት ይታወሳል፤ የድሮው ከታወሰ ዘንጉ ማጠሩ ይታወቃል። በዚህ ምክንያት ስለ ዘንግ ቁመት ማውራት ክልክል ሆነ።

በዚያ ዘመን ባለዘንግ የነበረው ተገኝ የሚባል ሰው ነው። አባቱም ባለዘንግ ነበር። አባቱ ትንሽ ዘንበል ብሎ ይነካ ነበር፤ ተገኝ ግን በጣም ማጎንበስ ነበረበት። ብዙ ዓመት ካጎነበሰ በኋላ ወገቡ እንደ ማጭድ ጎብጦ ቀረ። ክፉ ሰው አልነበረም። ሌላ ሰው ሲያስነጥስ እንኳ እሱ ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት ሰው ነበር።

በዚያ ዓመት ጸደዩ ሲቃረብ ወንዙ ቀለሙን ለወጠ። እንደ ጭቃ ቀላ፤ ድምፁም ጠፋ። በላይኛው አገር ተራራ ላይ ደመናው ከተከመረ ሰንብቷል። አዋጅ ነጋሪው በየሰፈሩ እየዞረ ስለ ዝግጅቱ ተናገረ። በዳርቻው ቁርጭምጭሚት የሚያህል የጭቃ ግድብ ይሠራ። ውሃው ንጹሕ ነገር ላይ እንዲደርስ ሰው ሁሉ ቁርጭምጭሚቱን ይታጠብ። ሰዉ ግድቡን ሠራ፤ እግሩንም ታጠበ። በታች ሰፈር ግን አንዳንዱ በሩን እየዘጋ ዕቃውን ወደ ላይ መስቀል ጀመረ።

ተገኝ ሥራውን የጀመረው ለወንዙ ቅርብ ከሆነው ከመጀመሪያው ቤት ነው። የቤቱ ባለቤት እኚያ ጎረቤቶቻቸውን ያሳቁት አሮጊት ናቸው፤ እማማ ውድነሽ ይባላሉ። ባላቸው ዓሣ አስጋሪ ነበር፤ እሳቸውም መረብ እየሠሩ ይኖራሉ።

"ደህና ዋሉ፣ እማማ።"

"ደህና ነኝ። አንተ ግን ምን ጠፍቶብህ ነው መሬት መሬት የምታየው?"

"ቆጡ ላይ አልጋ አለ።"

"አለ እንጂ። የት ልተኛ?"

"ይውረድ፣ እማማ። ሕግ ነው።"

"አባትህ ሲመጣ ትንሽ ዘንበል ይል ነበር። አንተ ተንበርክከህ ትገባለህ። ከአንተ ቀጥሎ የሚመጣው በሆዱ ሊሳብ ነው።"

"እማማ፣ እባክዎ። ስለ ዘንግ ቁመት አይወራም።"

"ስለ ዘንጉ መች አወራሁ? ስለ ወገብህ ነው እንጂ።"

ተገኝ አንገቱን ደፋ። ሁለት ጎረቤቶች ጠርቶ አልጋውን ከቆጡ አስወረደ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ዘንጉን አቆመና ምሰሶውን ነካ። "ተነክቷል" አለ። እማማ ውድነሽ የወረደው አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ወደ መረባቸው ተመለሱ።

ቀጥሎ ያለው የገዛ ልጁ የስንዱ ቤት ነበር። ባሏ ለንግድ ወደ ላይኛው አገር ሄዶ አልተመለሰም። ስንዱ ገና ስም ያልወጣላትን አራስ ልጇን በቅርጫት አስተኝታ፣ ቅርጫቱን ከጣሪያው እንጨት በገመድ አንጠልጥላዋለች።

"ቅርጫቱ ይውረድ፣ ስንዱ" አላት፣ ዓይኗን ሳያይ።

"እሺ አባዬ። አውርደው።"

"አንቺ አውርጂው፤ እኔ ነክቼ ልሂድ።"

"እኔ የሰቀልኩት እንዲሰቀል ብዬ ነው። ይውረድ ያልከው አንተ ነህ። ና፣ እጅህን ዘርጋ።"

ተገኝ እጁን ዘረጋ። የሕፃኗ እግር ከጨርቁ ወጥቶ በቅርጫቱ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ቁርጭምጭሚቷ የእሱን አውራ ጣት እንኳ አያህልም። እጁ እዚያው አየር ላይ ቀረ።

"ወገቤን አሞኛል" አለ በመጨረሻ። "ነገ እመለሳለሁ።"

ባለዘንግ ከሆነ ጀምሮ ሳይነካ የወጣበት ቤት ያ ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ወንዙ ጣሪያ ይዞ መጣ። ሙሉ የሣር ጣሪያ ነው፤ ከነእንጨቱ፣ ከነማሰሪያው። በላዩ አንድ አውራ ዶሮ ቆሟል። ጣሪያው ከከተማው መታጠፊያ ሲደርስ ከድንጋይ ጋር ተያዘና ቆመ። ሰዉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አፈ ወንዝም ካባውን ነክሮ እየተንጠባጠበ ደረሰ። ለረጅም ጊዜ ጣሪያውን ተመለከተ።

"የላይኛው አገር ሰዎች" አለ፣ "ለንጉሣችን ጣሪያ ገብረዋል።"

ያን ጊዜ ዶሮው ጮኸ። ከሕዝቡ መካከል አንዱ ፈገግ አለ፤ ሌላውም አፉን በእጁ ሸፈነ። አፈ ወንዝ ዞር ሲል ሁሉም ቁርጭምጭሚቱን ማየት ጀመረ። ዶሮው ለቤተ መንግሥት ተወሰደ፤ ጣሪያው ተፈርሶ ለማገዶ እንዲሆን ታዘዘ።

ተገኝ ከሚያፈርሱት ጋር ገባ። ሣሩን እየነቀለ ሳለ አንድ ነገር ወደ አእምሮው መጣ። ከዚያ ጣሪያ ሥር በር ነበር። ከበሩ በላይ ግድግዳ ነበር። ውሃ ጣሪያ የሚያነሣው ጣሪያው ጋ ሲደርስ ነው። ከጣሪያው ረጃጅም እንጨቶች አንዱን አነሣና በእጁ መዘነው። በቁመት ሁለት ሰው ያህላል። አጭሩን ዘንግ መቀነቱ ውስጥ ሻጠና እንጨቱን ተሸክሞ ወደ ታች ሰፈር ወረደ።

በመጀመሪያ ወደ ልጁ ቤት አልሄደም። ከእሷ ቀጥሎ ያለው ገብሬ የሚባል ቆዳ ፋቂ ነበር፤ እዚያ ገባ። እንጨቱ በበሩ አልገባ ስላለው በሰያፍ እየገፋ አስገባው። ከምሰሶው ጎን አቆመው። ጫፉ ጣሪያውን ሊነካ ትንሽ ቀረው። ለማጎንበስ ሞከረ፤ የሚያጎነብሰው ነገር የለም። ወገቡ እየተንቋቋ ቀጥ አለ።

"ከዚህ ዘንግ በታች ያለ ሁሉ ሰላም ነው። ተነክቷል።"

ገብሬ አፉን ከፈተ። "ጋሼ ተገኝ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ዘንግ ነው።"

"እንዴ፣ ቁመቱ እኮ..."

"ስለ ዘንግ ቁመት አይወራም።"

ገብሬ ወደ ላይ አየ፤ እንደገና ወደ ተገኝ አየ። "እንግዲህ ከተከለከለ እኔም አላወራም" አለና ወደ ጓዳ ተጣራ። "አንቺ፣ እህሉን አቀብዪኝ። ልጆቹንም ጥሪያቸው፤ ቆጥ ላይ ይውጡ።"

ተገኝ በየቤቱ ገባ። ማንም ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። እሱ ከወጣበት ቤት ሁሉ ወዲያው የገመድና የመሰላል ድምፅ ይሰማ ነበር። የስንዱን ቤት በመጨረሻ ነካ። እሷም ሲወጣ የጋቢውን ጫፍ ይዛ ትንሽ ቆየችና ለቀቀችው።

አፈ ወንዝ ይህን ሰምቶ ከዘቦቹ ጋር ወረደ። ተገኝን ከእነእንጨቱ መንገድ ላይ አገኘው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ዘንግ ነው፣ ጌታዬ።"

"ዘንግ እንዲህ ረ..." አለና አቋረጠ። ዘቦቹ ተያዩ። አፈ ወንዝ ቃሉን ዋጠው፤ ካባው ብቻ ይንጠባጠባል። "ይህን ሁሉ ቤት ነክተኸዋል?"

"ነክቼዋለሁ። ዘንግ ደግሞ ሁለት ጊዜ አይነካም።"

አፈ ወንዝ ቂል አልነበረም። ቂል ቢሆን እዚያ ሹመት ላይ አይደርስም። ቀስ ብሎ ፈገግ አለ።

"እውነትህን ነው። ሁለት ጊዜ አይነካም። ትናንት የነካኸውም ቤት ታዲያ አይነካም። የዚያች አሮጊት አልጋ ከመሬት ከተነሣ፣ ወይም እሷ ከዚያ አልጋ ተነሥታ ሌላ ቤት ከወጣች፣ የተነካ ቤት እንደገና ተነካ ማለት ነው። ያኔ ሕጉ ፈረሰ። ሕጉ ከፈረሰ እኔም በየቤቱ ገብቼ የተሰቀለውን ሁሉ አወርዳለሁ።" ወደ ዘቦቹ ዞረ። "አንዳችሁ በሯ ላይ ቁሙ።"

ሰማዩ ከሰዓት በኋላ ጠቆረ። ተገኝ እማማ ውድነሽ ቤት ሲደርስ ዘቡ ደጃፍ ላይ ቆሟል፤ ወጣት ነው፤ ተገኝን ሲያይ ፊቱን አዞረና አሳለፈው። አሮጊቷ አልጋቸው ላይ ሆነው መረብ ይቋጥራሉ። የቤቱ ወለል ረጥቧል።

"እማማ፣ ይነሡ። አዝልዎታለሁ። ይሄ ልጅ አያየንም።"

"በዚያ ወገብህ?"

"አሁን ቀንቷል።"

ቀና ብለው አዩት። ከላይ እስከ ታች አዩት። "እውነትም። አባትህን መሰልክ" አሉ። "በል እንግዲህ ደግመህ አታጉብጠው።"

"እማማ፣ ውሃው እየመጣ ነው።"

"ደንቆሮ አደረግከኝ? ዝም ማለቱን ከአንተ በፊት ነው የሰማሁት።" ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። "አልጋዬ ይውረድ ያለው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ያልከው ይጽና። ዘንግህ እኔ ቤት ከዋሸ ስንዱም ቤት ዋሽቷል ይላሉ። ያቺ ቅርጫት ትወርዳለች። የገብሬ ልጆች ይወርዳሉ። የእኔ አልጋ እዚህ ካልተቀመጠ የሌላው እዚያ አይቀመጥም። ይኸው ነው ሕጋችሁ፤ እኔ አላወጣሁት።"

ተገኝ እግራቸው ሥር ተንበረከከ። "ይቅር ይበሉኝ።"

"እሱን ውሃው ሲጎድል እንነጋገርበታለን። አሁን ተነሥ፤ ተንበርክኮ ማየት ሰልችቶኛል።" ያለቀውን መረብ ጠቅልለው ሰጡት። "ይሄን ለስንዱ። ቅርጫቱን ዙሪያውን ትሰርበት። የሷ ገመድ ቀጭን ነው፤ ተንጠልጥሎ ሳየው ጊዜ ሳልነግራት ቀረሁ።"

መረቡን ይዞ ወጣ። ከበሩ ሲወጣ ወደ ኋላ አላየም። ማየት ነበረብኝ እያለ ዕድሜውን ሁሉ ያስባል።

ውሃው ሊነጋጋ ሲል መጣ። የጭቃውን ግድብ ማንም ሲፈርስ አላየውም፤ እንዳልነበረ ሆነ። መጀመሪያ በር አንኳኳ፤ ቀጥሎ በሩን ይዞ ገባ። ታች ሰፈር ሁሉ ቆጥና ጣሪያ ላይ ነበር። ሰው እርስ በርሱ እየተጣራ፣ "አላችሁ?" ይባባላል፤ "አለን" ይላል የሚቀጥለው ጣሪያ። ተገኝ ስንዱ ቤት የጣሪያውን እንጨት አቅፎ የቅርጫቱን ገመድ ይዟል። ውሃው ምሰሶውን እየላሰ ወጣ። የቅርጫቱን ሥር አረጠበ። መረቡ ወጠረ። ሕፃኗ አንድ ጊዜ አለቀሰችና ዝም አለች። ውሃው እዚያ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"አላችሁ?" የሚለው ጥሪ ከቤት ወደ ቤት እየተሻገረ ወደ ወንዙ ዳር ሄደ። ከመጀመሪያው ቤት መልስ አልመጣም።

ዘቡ ዋርካ ላይ ወጥቶ ተረፈ። ኋላ ሲጠየቅ እንዲህ አለ፤ "ውሃው ሲገባ ላነሣቸው ሄድኩ። 'የንጉሥ ሕግ ላይ እጅህን እንዳታነሣ፤ ይልቅ አንተ ዛፍ ላይ ውጣ፤ እናትህ ትጠብቅሃለች' አሉኝ። ሲሉኝ ይስቁ ነበር።"

ረፋድ ላይ ንጉሡ ከኮረብታቸው ወረዱ። ውሃው በቆመበት ዳር ሲደርሱ ጫማቸውን አወለቁ። አንድ እርምጃ ገቡ፤ ውሃው ቁርጭምጭሚታቸውን ሸፈነ። አፈ ወንዝ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። "እኔ ወንዙ እስከ ቁርጭምጭሚት እደርሳለሁ ብዬ ነበር፤ ደረስኩ" አለ። ነጋሪት ተጎሰመ። ታች ሰፈር ጣሪያው ላይ ሆኖ ነጋሪቱን ሰማ።

ውሃው ሲጎድል ተገኝ ተከሰሰ። በዘንጉ ቁመት ለመክሰስ ስለ ቁመት ማውራት ሊኖርባቸው ነው። ስለዚህ፣ "ባለዘንግ ሆኖ ሳለ ቀጥ ብሎ ሄዷል" ብለው ከሰሱት። አጭሩን ዘንግ ነጠቁት። እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ከመሬት ከፍ ብሎ እንዳይቀመጥ ተፈረደበት። የት እንደሚቀመጥ ግን አልተነገረውምና፣ የእማማ ውድነሽ ቤት የነበረበትን ባዶ ቦታ መረጠ። ከቤቱ የተረፈ ነገር አልነበረም። ምሰሶው በነበረበት ጉድጓድ ያን የጣሪያ እንጨት አቆመና ሥሩ ተቀመጠ።

ጸደይ ዞሮ መጣ። ወንዙ ተጠየቀ። አፈ ወንዝ፣ "እኔ ወንዙ እስከ ውስጥ እግር" አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ታች ሰፈርም አጨበጨበ። አዲስ ባለዘንግ ተሾመ። ያ በእማማ ውድነሽ በር የቆመው ዘብ ነበር፤ ዝም ማለት ይችላል ተብሎ ነው የተሾመው። ዘንጉ በጣም ስላነሰ በከረጢት ነበር የሚይዘው።

ገብሬ ቤት ገባ። ገብሬ ከቆጥ ላይ ሆኖ፣ "ተነክቷል" አለው።

"ማን ነካው?"

"ዘንግ ነዋ። ሌላ ምን ይነካል?"

በሚቀጥለው ቤትም፣ "ተነክቷል" አሉት። በሚቀጥለውም። ስንዱ ዓመት የሞላትን ልጇን ታቅፋ ቆጥ ላይ ተቀምጣለች። እሷም፣ "ተነክቷል" አለች። ሕጉ ሕግ ነው፤ የተነካ አይነካም። ወጣቱ ሰፈሩን ጨርሶ ወንዙ ዳር ደረሰ። ተገኝ እንጨቱ ሥር ተቀምጧል። የእንጨቱ ሥር ያለው አፈር አዲስ የተቆፈረ ነው፤ እንጨቱ ሌሊት ሌሊት ሲነቀልና ሲተከል እንደ ሰነበተ ያስታውቃል። ወጣቱ አፈሩን አየና ወደ ተገኝ ዞረ።

"ይሄስ ቦታ ተነክቷል፣ ጋሼ?"

"ተነክቷል" አለ ተገኝ። "ይሄን የነካሁት እኔ ነኝ።"

ወጣቱ ቤቱን ፈለገ። ከእንጨቱ በቀር ምንም የለም። ወንዙ አጠገባቸው ቀልቶ፣ ድምፁን አጥፍቶ ይፈሳል። ሁለቱም ዝምታውን ሰሙት። ወጣቱ ከረጢቱን ከትከሻው አወረደና ከጎኑ አስቀመጠው።

"ጋሼ" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "የእናቴ ቤት ያለው ላይ ሰፈር ነው፤ አምና ንጉሡ ጫማቸውን ያወለቁበት አጠገብ። ይሄ እንጨት ለሁለት ሰው ይከብዳል?"

ተገኝ ተነሣና እንጨቱን ነቅሎ አንዱን ጫፍ ያዘ።